ጉድፍና ጠባሳ፦ የፎቶግራፍ እርማት ታሪክ ከእርሳስ እስከ ኮምፒዩተር

ፎቶግራፍ የእውነት መስተዋት ነው የሚለው እምነት በኅብረተሰቡ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ይሁን እንጂ የፎቶግራፍ ታሪክ ከጥንት ከጠዋቱ የእርማት ታሪክም ነው። ካሜራ የያዘውን ፊት እጅ ያስተካክለዋል፤ ብጉሩን ያጠፋል፣ ማዲያቱን ያደበዝዛል፣ ከዐይን ሥር ያረፈውን ጥላ ያቀልላል። ዛሬ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በአንጋጫና በሽንሽቾ ከተሞች በየፎቶ ቤቱ በኮምፒዩተር የሚከናወነው ይህ ሥራ የዘመናችን ፈጠራ መስሎ ይታያል እንጂ የመቶ ሰባ ዓመት ዕድሜ ያለው ሙያ ነው። አዲስ የሆነው ሌላ ነገር ነው። ቀድሞ እርማቱ አድካሚ ስለ ነበር ባለሙያው የትኛውን ምልክት ማጥፋት፣ የትኛውን መተው እንዳለበት ለመምረጥ ይገደድ ነበር። ዛሬ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማጥፋት ስለሚቻል ምርጫው ራሱ እየተዘነጋ መጥቷል።

ምርጫው በሁለት የአማርኛ ቃላት ሊገለጽ ይችላል። አንደኛው ጉድፍ ነው፤ ይኸውም መጥቶ የሚሄድ፣ ትናንት ያልነበረ፣ ነገም የማይኖር ነገር ነው። ሁለተኛው ጠባሳ ነው፤ ይኸውም በሰውየው ላይ የደረሰው ነገር የተወው ምልክት ነው። ጉድፍን ማንሳት ሰውየውን ከአጋጣሚ ማዳን ሲሆን፣ ጠባሳን ማጥፋት ግን ከሰውየው ታሪክ አንድ ገጽ መቅደድ ሊሆን ይችላል። የፎቶግራፍ አራሚው ሙያ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚገኘውን ድንበር የመለየት ሙያ ነው።

በ1855 እ.ኤ.አ. በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የሙኒክ ከተማው ፎቶግራፍ አንሺ ፍራንዝ ሃንፍሽቴንግል የአንድን ሰው ምስል ከእርማት በፊትና ከእርማት በኋላ ጎን ለጎን አቅርቦ ተመልካቹን እንዳስደነቀ የፎቶግራፍ ታሪክ መጻሕፍት ያወሳሉ። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ በፈረንሣይኛ ቃል «ረቱሽ» የሚባለው የኔጌቲቭ እርማት የማንኛውም ፎቶ ቤት መደበኛ ሥራ ሆነ።

ለዚህም ምክንያቱ የደንበኛው ከንቱ ውዳሴ መፈለግ ብቻ አልነበረም። የዚያን ዘመን የፎቶግራፍ ኬሚካል ብርሃንን የሚያየው እንደ ሰው ዐይን አልነበረም። ሰማያዊውን ብርሃን አጥብቆ ሲቀበል፣ ለቀይና ለቡናማ ግን ዕውር ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህም በፊት ላይ እምብዛም የማይታይ ቀላ ያለ ብጉር በፎቶግራፉ ላይ ጠቁሮ ይወጣ ነበር። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄርማን ፎግል በ1873 እ.ኤ.አ. ቀለም በመጨመር የኬሚካሉን የማየት ኃይል ማስፋት እንደሚቻል ደረሰበት፤ ቀለማትን ሁሉ የሚያውቀው ፊልም በሰፊው የተሠራጨው ግን ከአርባና ከሃምሳ ዓመታት በኋላ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ አራሚዎች በእውነት ላይ ውሸት የጨመሩ ብቻ ሳይሆኑ፣ መሣሪያው የዋሸውን ወደ እውነት የመለሱም ነበሩ።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ የሚያነሡ መሐንዲሶችን አስከትሎ እንደ ነበር ይታወቃል። ሙያው በአገሪቱ ቋሚ ቤት ያገኘው ግን በአዲስ አበባ ነው። በ1905 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ሙያውን ወረሱ። «ቦያጂያን» የሚለው የቤተሰቡ ስም የቀለም ነካሪ ልጅ ማለት ነው። ብርሃንን ብቻ ሳይሆን ቀለምንና ብሩሽንም ለሚጠይቀው ለዚህ ሙያ ስሙ የተስማማ ሆኖ ይገኛል።

የእጅ እርማት ከፊት ጉድፍ አልፎ ፖለቲካ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል አገራችን የተማረችውም በዚያው ዘመን ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱበት ወቅት፣ በእስላማዊ አለባበስ የሚያሳዩአቸው ፎቶግራፎች በመሣሪያነት መሠራጨታቸው ይነገራል። ምስሎቹ እውነተኛ ናቸው ወይስ ተቀጣጥለው የተሠሩ የሚለው ጥያቄ የታሪክ ጸሐፊዎችን ሲያከራክር ኖሯል። ክርክሩ ራሱ የሚያስተምረው አንድ ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም ዋናው ኔጌቲቭ ከሌለ ምስክር አለመኖሩን ነው።

የእርሳሱ ሙያ እንዴት ይሠራ እንደ ነበር ማስታወስ ለዚህ ነገር ግንዛቤ ይረዳል። በኔጌቲቭ ላይ ሁሉም ነገር የተገላቢጦሽ ነው። በፊት ላይ ጠቆር ያለው ነጥብ በኔጌቲቩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ሥሥ ቦታ ሆኖ ይታያል። አራሚው ኔጌቲቩን ከኋላው ብርሃን በሚበራለት ዘንበል ባለ መስተዋት ላይ ያኖረዋል፤ እርሳስ እንዲይዝለት ቀጭን ቫርኒሽ ይቀባዋል፤ ከዚያም እንደ መርፌ በተሳለ ጠንካራ እርሳስ ነጥብ በነጥብ፣ ጭረት በጭረት ሥሡን ቦታ ይሞላዋል። በኔጌቲቩ ላይ ከመጠን በላይ የጠቆረውን ደግሞ በስለታም ቢላዋ በጥንቃቄ ይፍቀዋል። ምስሉ በወረቀት ከታተመ በኋላ አቧራ የተዋቸውን ነጫጭ ነጥቦች በቀጭን ብሩሽና በቀለም ይደፍናል። አንድ ፊት ብዙ ጊዜ ይፈጅ ነበር፤ እጁ የቸኮለ አራሚም ፊቱን እንደ ሸክላ ልሙጥ አድርጎ ያበላሸው ነበር።

ይህ አሠራር ሁለት ጠባዮች ነበሩት። አንደኛው ቁጥብነቱ ነው፤ እርሳስ ሁሉን ማጥፋት ስለማይችል አራሚው ጉድፉን አንሥቶ የፊቱን ቅርጽ ይተው ነበር። ሁለተኛው ዱካ የሚተው መሆኑ ነው። የእርሳሱ ጭረት ከኔጌቲቩ ጋር ይኖራል፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ኔጌቲቩን ብርሃን ላይ አድርጎ በማጉያ መነጽር የሚመለከት ሰው የት ቦታ እንደ ታረመ ያያል። እርማቱ ራሱ ሰነድ ሆኖ ይቀር ነበር።

ቀድሞ ዋቸሞ ትባል በነበረችው ሥፍራ የተቆረቆረችው ሆሳዕና በሸዋ ክፍለ ሀገር የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ የአካባቢው ሕዝብ ምስል በሁለት መንገድ ይቀረጽ ነበር። የመጀመሪያው የተጓዡና የተመራማሪው መንገድ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የጀርመኑ የፍሮቤንየስ ተቋም ተመራማሪዎች በደቡብ ኢትዮጵያ ተዘዋውረው ባህልን መዝግበዋል፤ ኋላም ኡልሪሽ ብራውኬምፐር የሐዲያን ታሪክ በሰፊው አጥንቶ በ1980 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። እንዲህ ያለው ሥራ ለታሪክ ያበረከተው ድርሻ የሚካድ አይደለም። ሆኖም በተጓዦችና በተመራማሪዎች ፎቶግራፍ ውስጥ ገበሬው ብዙውን ጊዜ የአንድ ሕዝብ ናሙና ሆኖ ይቀርባል፤ ስሙ ሳይጻፍ የሚቀርበትም ጊዜ ብዙ ነው። ፊቱ ላይ ያለው ምልክት አይነካም፤ ነገር ግን ምልክቱ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም።

ሁለተኛው የፎቶ ቤቱ መንገድ ነው። በዚህኛው ሰውየው በገዛ ፈቃዱ፣ በገዛ ገንዘቡ፣ የክት ልብሱን ለብሶ ይቀርባል። ለትምህርት ቤት ምዝገባና ለሥራ ቅጥር ጉርድ ፎቶግራፍ ያስፈልግ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ነዋሪዎች ቀበሌዎች ከተቋቋሙ ወዲህ ደግሞ የመታወቂያ ወረቀት ብዙ ሰው ወደ ካሜራ ፊት አቅርቧል። በተጨማሪም ይህ አካባቢ ልጆቹን ወደ ሩቅ የሚልክ አገር ነው። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እርሻ ከከምባታና ከሐዲያ በሄዱ ወዛደሮች ጉልበት ጭምር የቆመ ነው። ለመስቀል በዓል፣ በሐዲያ ለያሆዴ፣ በከምባታ ለመሳላ፣ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች የሚመለሰው ወጣት ብዛትም የታወቀ ነው። ከቤት ለራቀ ሰው ፎቶግራፍ ማለት «ደኅና ነኝ» የሚል ደብዳቤ ነው። አገዳ ሲቆርጥ የከረመ ሰው ፊቱ ከድካሙ ተላቅቆ እንዲታይ ቢፈልግ፣ እናቱ እንዳትሳቀቅ ማሰቡ እንጂ ማታለሉ አይደለም። እንግዲህ እርማት በሠርቶ አደሩ ዘንድ የክብር መብት ሆኖ ማገልገሉን መዘንጋት አይገባም። በናሙናነት ይታይ የነበረው ሰው በፎቶ ቤቱ ውስጥ እንዴት መታየት እንደሚሻ ራሱ ወሰነ።

ከእርሳሱ ዘመን በኋላ አንድ የተለየ ጊዜ መጥቷል። በየእጁ የገባው የ35 ሚሊሜትር ካሜራ ኔጌቲቩ ትንሽ በመሆኑ ፊቱ ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ በእርሳስ ሊታረም አይችልም። የቀለም ፊልምም ሲመጣ ሥራው ከጨለማ ክፍሉ ወጥቶ ወደ ማጠቢያ ማሽን ተዛወረ፤ ማሽን የሌላቸው ከተሞች ፊልማቸውን ማሽን ወዳለበት ከተማ ይልኩ ነበር። በመሆኑም በእርሳሱና በኮምፒዩተሩ መካከል ባለው ጊዜ የተነሡት የሠርግ፣ የምረቃና የበዓል ፎቶግራፎች በአብዛኛው ያልታረሙ ናቸው። ላብ ይታይባቸዋል፤ ብጉር ይታይባቸዋል፤ የተጨፈነ ዐይን ይታይባቸዋል። ዛሬ በየቤቱ አልበም ውስጥ የሚገኙት እነዚህ ምስሎች ለማኅበራዊ ታሪክ ጸሐፊ ከማናቸውም ይልቅ የታመኑ ምስክሮች ናቸው።

ወንድማማቾቹ ቶማስና ጆን ኖል የደረሱት ፎቶሾፕ የተባለው ፕሮግራም በየካቲት 1990 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ እርሳሱን የሚተካ መሣሪያ ይዞ መጣ። ይኸውም ከጤናማው የቆዳ ክፍል ቅጂ ወስዶ በጉድፉ ላይ የሚያትም ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣው ሰባተኛው እትም ደግሞ ፈዋሽ ብሩሽ የተባለ መሣሪያ ተጨመረ። ይህኛው የቆዳውን ሸካራነት ከአንድ ቦታ ወስዶ የሚታረመውን ቦታ ብርሃንና ቀለም ጠብቆ ያዋህደዋል። የቀድሞው አራሚ ብዙ ሰዓት ያጠፋበት የነበረው ሥራ በጥቂት ሴኮንዶች ይፈጸም ጀመር። አሁን ደግሞ የእጅ ስልኩ ራሱ፣ ባለቤቱ ሳያዝዘው፣ ገና ሲያነሣ ፊቱን ያለሰልሰዋል።

በአነስተኛ ከተሞች ለዲጂታል ፎቶግራፍ መስፋፋት አንዱ ምክንያት ዲቪ ተብሎ የሚታወቀው የአሜሪካ ቪዛ ዕጣ ነበር። ማመልከቻው ከ2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ብቻ እንዲቀርብ ሲደረግ ዲጂታል ፎቶግራፍ ግዴታ ሆነ። ፎቶ አንሺውም ማመልከቻ ሞይ ሆነ። እዚህ ላይ የጉድፍና የጠባሳ ጥያቄ በሕግ መልክ ተመልሶ መጣ፤ የሰውየውን መልክ የሚለውጥ እርማት ያረፈበት ፎቶግራፍ ተቀባይነት የለውም ተባለ። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የፓስፖርት መመዘኛም ያልተለወጠ ፊት ይጠይቃል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ ደግሞ ፎቶ ቤቱን ጭራሹን አልፎ ፊቱን፣ የጣት አሻራውንና የዐይኑን አይሪስ በመዝጋቢው ፊት ይቀበላል።

ከዚህ የምንረዳው ፎቶግራፍ ሁለት ተግባር እንዳለው ነው። አንደኛው ማስታወሻ መሆን ነው፤ ሁለተኛው ምስክር መሆን ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት ከሆሳዕናና ከአካባቢዋ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰድዷል። ውጭ ያለው ልጅና አገር ቤት ያለው ቤተሰብ በአንድ ምስል ውስጥ በኮምፒዩተር ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ማንም የማይታለልበት የናፍቆት ሥራ ነው። ነገር ግን ይኸው ምስል ከሠላሳ ዓመት በኋላ በልጅ ልጆች እጅ ሲገባ፣ ያልነበረ ቀን እንደ ነበረ ይመሰክራል። ማስታወሻው በጊዜ ብዛት ምስክር ይሆናል። ችግሩ የሚጀምረው በዚህ ነው።

የጠባሳን ምስክርነት ከፈንጣጣ ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በ1963 ዓ.ም. ሲጀመር በሽታው በሰፊው ተሠራጭቶ ነበር፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። በዓለም ዙሪያ የዘመቻው ሠራተኞች መቼና የት በሽታው እንደ ነበረ ለማወቅ የሕፃናትን ፊት እየተመለከቱ ጠባሳ ይቆጥሩ ነበር፤ ጠባሳ የሌለበት ትውልድ በሽታው መጥፋቱን ይመሰክራል። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የነበረው ቀለል ያለው ዝርያ ጠባሳ የሚተወው በጥቂቶች ላይ ብቻ ነበር። በመሆኑም በአንድ የቆየ ጉርድ ፎቶግራፍ ላይ የሚታይ ፈንጣጣ የጠቃጠቀው ፊት ተራ ጉድፍ አይደለም፤ ከወረርሽኝ የተረፈ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ያረጀውን ፎቶግራፍ «አድስልኝ» ብሎ የሚሰጠው የልጅ ልጅና ሥራውን የሚቀበለው ወጣት ይህን ካላወቁ፣ ፈዋሽ የተባለው ብሩሽ አያቱን ከታሪካቸው ይፈውሳቸዋል።

የቆዳ ቀለም ጉዳይም እንዲሁ ነው። የቀለም ፎቶግራፍ ማጠቢያ ቤቶች ማሽናቸውን የሚያስተካክሉበት «ሸርሊ» የተባለው የኮዳክ ካርድ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ነበር፤ ፊልሙ የጥቁርን ሰው ፊት በሚገባ ለይቶ ለማውጣት አለመቻሉ ያነሣው ቅሬታ መልስ ማግኘት የጀመረው ዘግይቶ ነው። በኢትዮጵያም ሲገጣጠም የቆየው ቴክኖ ስልክ በአፍሪካ ገበያ የታወቀበት አንዱ ምክንያት ካሜራው ለጥቁር ቆዳ የተስተካከለ መሆኑ ነው። ይህ መልካም እርምጃ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ የስልክ ማሳመሪያዎች ፊትን ሲያለሰልሱ አብረው ያነጡታል። በእርሳሱ ዘመን አራሚው የኬሚካሉን ስሕተት ያርም ነበር፤ ዛሬ ማሽኑ ስሕተት ያልሆነውን የቆዳ ቀለም እንደ ስሕተት ቆጥሮ ያርማል። የዱራሜ ወይም የሾኔ ተማሪ የገዛ ፊቷን በየቀኑ ነጥቶ ስታየው፣ መልኳ ራሱ ጉድፍ ነው የሚል ትምህርት ሳይነገራት ይደርሳታል። ለመምህራንና ለኪነ ጥበብ ሰዎች ይህ ከሙያ ጥያቄ በላይ ነው።

እርማት በመንግሥት እጅ ሲገባ ምን እንደሚያደርግም ዓለም አይቷል። ከስታሊን ጋር በሞስኮ ቦይ ዳር ፎቶግራፍ የተነሣው የጸጥታ ኃላፊው ኒኮላይ ዬዦቭ በ1940 እ.ኤ.አ. ከተገደለ በኋላ ከምስሉ ጠፍቶ በቦታው ውኃ ብቻ ታየ። የተጠቀሙት ፊት ላይ ያለ ጉድፍን በሚያነሣው ያው ብሩሽ ነው። ዛሬ እውነቱ የሚታወቀው ያልታረመው ምስል ተርፎ በመገኘቱ ነው።

እንግዲህ መፍትሔው እርማትን ማውገዝ አይደለም። ለሠርግ ቀን የወጣ ብጉር ቢነሣ ማንም አይጎዳም፤ በጭስና በእርጥበት የተበላሸ የአባት ፎቶግራፍ ቢታደስ ቤተሰብ ይደሰታል። መሠረታዊው ደንብ አንድ ነው፤ ዋናው ሳይነካ ይኑር። ያረጀው ምስል አስቀድሞ እንዳለ ይቀዳ፤ እርማቱ በቅጂው ላይ ይሁን፤ የታተመው ወረቀት ለባለቤቱ ይመለስ እንጂ አይጣል። እርሳስ በኔጌቲቩ ላይ ይተወው የነበረውን ዱካ ኮምፒዩተር ስለማይተው፣ ዱካውን ሰው በጽሑፍ ይተካው። ይኸውም የሰውየው ስም፣ ቦታውና ዓመቱ፣ የታረመውም ነገር በምስሉ ጀርባ ወይም በፋይሉ ስም ላይ ይጻፍ።

ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከተመሠረተው ከማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ጋር የአስተዳደር መቀመጫነትን አግኝታለች፤ የቀድሞውን የሥፍራውን ስም የያዘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ይገኛል። የባህል መሥሪያ ቤቶች፣ መምህራንና ፎቶ አንሺዎች ተባብረው በየቤቱ ሣጥንና አልበም ያለውን ምስል ከነጉድፉ፣ ከነጠባሳውና ከነስሙ ቢሰበስቡ፣ በተጓዦች ፎቶግራፍ ውስጥ ስም ሳይኖራቸው የቀሩት ሰዎች ልጆች የራሳቸውን ታሪክ በራሳቸው ፊት ላይ ሊያነቡ ይችላሉ። ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጊዜ ግን የለውም፤ በየቀኑ ከሚታደሱት አሮጌ ፎቶግራፎች መካከል ዋናው የሚጣለው ስንቱ እንደ ሆነ የሚቆጥር የለምና።